ከማረፊያ ቤት ወደ ሕክምና አልጋ፦ የአንድ አሳ ገፋፊ ጉዳይ ከባሕር ዳር

ሰውየው የተያዘው በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አረቄ ቤት ውስጥ ጠርሙሶችና አንድ የመስኮት መስተዋት ሰብሯል፤ የቤቱን ባለቤትም ተሳድቧል። ዕድሜው 34 ነው። ከሐይቁ የሚወጣውን ቀረሶና አምባዛ እየገፈፈና እየዘለዘለ በቀን ክፍያ ይኖራል። ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የመጀመሪያው አልነበረም። ቀደም ሲል የነበሩት ሁሉ ያለቁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማረፊያ ቤት፣ ምክር፣ ማስጠንቀቂያ፣ መለቀቅ፤ ከዚያ በዚያው ምሽት ተመልሶ አረቄ ቤት።

ይህኛው በሌላ መንገድ ሄደ፦ ከማረፊያ ቤት ወደ ሆስፒታል። የሰውየው ስም፣ ጣቢያውና የታከመበት ሆስፒታል እዚህ አይጠቀሱም። ጣቢያው ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ ፕሮግራም፣ የተያዘ በጀት ወይም ከሆስፒታል ጋር የተፈረመ ስምምነት አልነበረም። የነበሩት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሕጉ ቀድሞውንም የሚፈቅደው የፖሊስ ዋስ፣ ምን መጠየቅ እንዳለባት የምታውቅ ተረኛ ሳጅን፣ ስልኳን የምታነሣ የሥነ አእምሮ ነርስ እና ከገጠር ተነሥታ የመጣች ታላቅ እህት። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገውም እነዚህ ነገሮች በየትኛውም ክፍለ ከተማ ሊገኙ የሚችሉ ስለሆኑ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

ማንም ሰው ማረፊያ ቤት ሲገባ ስሙ፣ አድራሻው፣ የተያዘበት ምክንያትና በእጁ የተገኘው ንብረት ይመዘገባል። ሳጅኗ በዚያ ላይ አራት ጥያቄዎች ጨመረች። መጨረሻ የጠጣኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው? በቀን ምን ያህል ትጠጣለህ፣ ጠዋትስ ሳትቀምስ መዋል ትችላለህ? ከዚህ በፊት መጠጥ ባቆምክ በማግስቱ ወድቀህ፣ ተንቀጥቅጠህ ታውቃለህ? ሰሞኑን ጭንቅላትህን ተመትተሃል?

መጨረሻ የጠጣው 9 ሰዓት ላይ ነበር። በቀን ግማሽ ሊትር ያህል አረቄ ይጠጣል። ጠዋት ሁለት መለኪያ ካልወሰደ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቢላዋ መያዝ አይችልም። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ አረቄውን ይጨምራል። ጭንቅላቱን አልተመታም። ለሦስተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ግን የሌሊቱን ነገር ሁሉ ቀየረው፦ ባለፈው ጊዜ እዚሁ ማረፊያ ቤት በሁለተኛው ሌሊት ወድቆ ተንፈራግጧል። አብረውት የታሰሩት ክብሪት ጭረው አሸተቱት፤ ጠዋት ተለቀቀ፤ ነገሩም «የሚጥል በሽታ አለበት» ተብሎ ታለፈ።

የሚጥል በሽታ አልነበረበትም። ያ መንፈራገጥ የመጣው ሰውነቱ ከለመደው አልኮል በድንገት ስለተለየ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የወደቀ ሰው በሚቀጥለው መቋረጥ ደግሞ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ወይስ ከዚህ በፊት ሆኗል?» የሚለው ጥያቄ የሰውየውን ሕይወት የሚወስን መረጃ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ግማሽ ሊትሩንም በቁጥር ማየት ይገባል። ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ አካባቢ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ውስጥ 225 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ በክብደት 178 ግራም ገደማ ይሆናል። የጤና ባለሙያዎች አንድ መደበኛ መጠጥ የሚሉት 10 ግራም ነው። ሰውየው እንግዲህ በቀን ወደ 18 መደበኛ መጠጥ ይወስዳል፤ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ አረቄ ብቻውን ወደ ሁለት መደበኛ መጠጥ ይጠጋል። ይህን ያህል በየቀኑ ለዓመታት የወሰደ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ሲባል መተው አይችልም፤ በራሱ ቢተውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሁለት የሚሮጡ ሰዓቶች

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ48 ሰዓቱ የማይታሰበው ለጉዞ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ፖሊስ ይህን ሰዓት በሚገባ ያውቀዋል። ሌላኛው ሰዓት፣ የመጠጡ ሰዓት፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ከባዱ ነገር ይመጣል፦ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀን ያጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱና የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ይቃዣል፣ ይታገላል። ይህ ደረጃ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አርብ 9 ሰዓት ላይ ለጠጣና 10 ሰዓት ላይ ለተያዘ ሰው የፍርድ ቤቱ 48 ሰዓት የሚሞላው እሁድ 10 ሰዓት ነው። እጅግ አደገኛው የመጠጡ ጊዜ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ይዘልቃል። ተረኛ ችሎት ሳይገኝ ቀርቶ ነገሩ ወደ ሰኞ ጠዋት ከተገፋ ሰውየው ዳኛ ፊት የሚቆመው በአእምሮው ሳይሆን ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮኸውን፣ የሚሳደበውን፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት የሚያየውን ሰው ዳኛውም ፖሊሱም እንደ አመፀኛ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ጥፋቱ የሚበዛው፣ ቁጣው የሚከፋው፣ አንዳንዴም ዱላ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሱስ የተያዘን ሰው ከእስር ወደ ሕክምና ማዞር እንደ ርኅራኄ ሥራ ሲወራ ይሰማል። ርኅራኄ መሆኑ አይካድም፤ ከዚያ በፊት ግን በማረፊያ ቤት የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ መከላከል ነው።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሰውየው የውሃ ኩባያ መያዝ አቃተው። ሳጅኗ ብቻውን ከነበረበት ጥግ ወደ በሩ አቅራቢያ አዛወረችው፤ በጎኑ እንዲተኛና አንድ ሰው ነቅቶ እንዲያየው አደረገች። የታሰሩት «ትንሽ ቀምሶ ይረጋጋ» ሲሉ አልተቀበለችም። ቀጥሎ የሚመጣው ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ነው፦ እስኪነጋ ተጠበቀ። ከዚህ በፊት የወደቀ ሰው በአሥረኛው ሰዓት ሲንቀጠቀጥ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። መኪናው ሌላ ቦታ ነበር፤ እህቱም ገና አልደረሰችም ነበር። ሌሊቱን ሳይወድቅ ማደሩ ዕድል ነው።

ዋሱ ከጉዞው በፊት

ብዙ ጣቢያዎች ታሳሪን ሆስፒታል የማይወስዱት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው አልጋ ሲይዝ አጠገቡ ቀንና ሌሊት ጠባቂ ፖሊስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለስድስት ቀን ሲታከም በየፈረቃው ቢያንስ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ፖሊስ ከሥራ ይወጣል። አዛዡ ይህን ሲያሰላ «ፓናዶል ይሰጠው፣ ሰኞ ይታያል» ማለቱ አይቀርም። በተጨማሪም በካቴና የመጣ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ወንጀለኛ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ በዋስ መልቀቅ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 28 ድርጊቱ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን መርማሪው ፖሊስ ተጠርጣሪውን በተባለው ቀንና ቦታ እንደሚቀርብ ግዴታ አስፈርሞ፣ በዋስ ወይም ያለ ዋስ፣ እንዲለቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ፍርድ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። የሰው ንብረት ማበላሸት በመሠረታዊ መልኩ በግል አቤቱታ የሚያስከስስና በቀላል እስራት የሚቀጣ ነው፤ ስድብም እንዲሁ በአቤቱታ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በቁጥር 28 ውስጥ በቀላሉ ይገባል።

እህትየዋ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረሰች። 3 ሰዓት ላይ ዋስ ሆና ፈረመች። ግዴታው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ተጻፈ፦ ከ15 ቀን በኋላ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን እንደሚሰጥና አድራሻውን ሲቀይር እንደሚያሳውቅ። «መጠጥ አልጠጣም» የሚል ቃል አልተጻፈም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። እንዲህ ያለ ቃል በዋስ ወረቀት ላይ ከገባ ሰውየው በተንሸራተተ ማግስት ከነርሷም ከፖሊሱም መሸሽ ይጀምራል፤ እህቱም የዋስትናዋ ነገር ስለሚያስፈራት ትደብቅለታለች። በጣም በምንፈልገው ሰዓት ማንም አያገኘውም።

የአረቄ ቤቱ ባለቤት ካሳ ፈለገች፤ መብቷ ነው። አብረውት የሚሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው የመስተዋቱንና የጠርሙሱን ዋጋ በሁለት ጊዜ እንዲከፍል አስማሙ። አቤቱታዋን ያነሣችው የመጀመሪያው ክፍያ በእጇ ከገባ በኋላ ነው። የተበደለ ሰው ካሳ ሳያገኝ የሚደረግ ማዞር ሰፈሩ ውስጥ ቂም ይተክላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ፖሊስ መጥራቱን ትቶ ራሱ ዱላ ያነሣል።

ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ደግሞ ፈለጉ፦ መስቀል ስሞ «ከዛሬ ጀምሮ እርም ይሁንብኝ» ብሎ እንዲምል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በብዙ ቤትም የታወቀ ነው። ሳጅኗ «አባቶቼ፣ መሐላው ይቆይ። ዛሬ በድንገት ካቆመ ይወድቃል፤ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ እናንተው ታስምሉታላችሁ» አለቻቸው። ተስማሙ።

አንዲት ገጽ ደብዳቤ

ከጣቢያው ከሰውየው ጋር የሄደው ደብዳቤ ስለ ተሰበረው መስተዋት አንድም ቃል የለውም። እንዲህ ይላል፦ «መጨረሻ የጠጣው አርብ 9፡00። በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ዳግም አረቄ፣ ጠዋትም ይጠጣል። ጫት ይቅማል። ከዚህ በፊት መጠጥ ባቋረጠ በሁለተኛው ሌሊት አንድ ጊዜ ተንፈራግጧል። ትናንት ሌሊት 7፡00 ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ ታይቷል። የጭንቅላት ጉዳት አልተናገረም። በዋስ የተለቀቀ ነው፣ ጠባቂ አያስፈልገውም። አስታማሚ፦ እህቱ።» ከሥር የሳጅኗ ስልክ። ነርሷ በኋላ እንደገለጸችው በድንገተኛ ክፍል በር ላይ እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ አጃቢ በጣም ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚባለው «ሰክሯል» ብቻ ነው።

ባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሏት፤ ስለዚህ ችግሩ የርቀት አይደለም። ችግሩ ከበሩ እስከ አልጋው ባለው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው መሰናክል ገንዘብ ነበር። ሰውየው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል አልነበረም። የነፃ ሕክምና ማስረጃ የሚጻፈው ቀበሌ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ቀበሌ ዝግ ነው። እህትየዋ ለካርድና ለመጀመሪያው መድኃኒት ከሥራ ባልደረቦቹ የተዋጣውን ከፍላ ሰኞ ጠዋት ማስረጃውን አመጣች። አርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው ሁልጊዜ ይህ ችግር ይገጥመዋል። የቀበሌ ሥራ አስፈጻሚውን አርብ ማታ በስልክ አግኝቶ ለሰኞ ማለዳ ወረቀቱን ማሰናዳት ጊዜ ያድናል።

4 ሰዓት ላይ፣ ከመጨረሻው መጠጥ 19 ሰዓት በኋላ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 124፣ የደም ግፊቱ 160/100 ነበር። የወባ ምርመራ ተደረገ፤ ባሕር ዳር ላይ ትኩሳትና መቃዠት ሲታይ ወባን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። የደም ስኳሩም ተለካ፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ለዓመታት ምግብ ሳይበላ አረቄ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ-1፣ በጣም ሊያንስ ይችላል። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻውን ከተሰጠ አንጎል ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ታያሚኑ ይቀድማል፤ ስኳሩ በጣም ወርዶ መጠበቅ ካልተቻለ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ማረጋጊያው ነው። የሚታገል ሰው ሲመጣ እጅ የሚሄደው ወደ ክሎርፕሮማዚን መርፌ ነው፤ እዚህም መጀመሪያ የታሰበው እሱ ነበር። ክሎርፕሮማዚን ሰውየውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል፤ ነገር ግን የመንፈራገጥን ዕድል ይጨምራል። ከመጠጥ መቋረጥ ለሚመጣ ነገር ትክክለኛው መድኃኒት ዲያዜፓም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ይላል፤ ከታያሚን 100 ሚሊ ግራም በቀን ጋር፣ ለ5 ቀን። ጉበቱ የተጎዳ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። የደብዳቤው መረጃ በእጇ ስለነበር ነርሷ ክሎርፕሮማዚኑን አስቀረች። በመጀመሪያው ቀን መጀመሪያ 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ እየታየ 10፣ 10 ተሰጠው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቀን አራቴ፣ ሦስቴ፣ ሁለቴ እያለ ቀንሶ በስድስተኛው ቀን ቆመ። ይህ በሐኪም ክትትል የሚደረግ እንጂ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት የሚሞከር አይደለም። ዲያዜፓምና አረቄ አብረው ከተወሰዱ እስትንፋስን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ዲያዜፓም ራሱም ሱስ ያስይዛል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሰውየው ከአልጋው አልነሣ አለ። ተኛ፣ ዝም አለ፣ ቅዠት በዛበት፣ «ምን ልኖር ነው» ማለት ጀመረ። ይህ የጫቱ ድርሻ ነው። ጫት ሲቋረጥ አይገድልም፤ ግን ለቀናት ያደነዝዛል፣ ያስከፋል፣ ክፉ ሕልም ያመጣል። አልኮሉ ላይ ብቻ ያተኮረ ባለሙያ ይህን «መድኃኒቱ በዝቶበት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነርሷ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ቀጥታ ጠየቀችው፤ ሐሳቡ እንጂ ዕቅዱ አልነበረውም። ያን ሌሊት እህቱ ከአጠገቡ ተለይታ አልወጣችም።

ጾሙና ጸበሉ

እህትየዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፈለገችው አንዳሳ ጊዮርጊስ ጸበል ልትወስደው ነው። ወቅቱም ሁዳዴ ነው። ይህን ሐሳብ በንቀት የሚገፋ የጤና ባለሙያ በሽተኛውን በሦስተኛው ቀን ያጣዋል፤ ቤተሰቡ ሳይናገር ይዞት ይወጣል። እዚህ የተደረገው የጊዜ ስምምነት ነው። ጸበሉ መድኃኒቱ እስኪያልቅ፣ እስከ ሰባተኛው ቀን፣ እንዲቆይ፤ ሲሄድም ቫይታሚኑን ይዞ እንዲሄድ፤ ባዶ ሆዱን እስከ 9 ሰዓት እንዳይቆይ። ስለ ጾሙ የወሰነው ነርሷ አይደለችም። የንስሐ አባቱ ሆስፒታል ድረስ መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ በጠዋት ብላ» አሉት። ከእሳቸው አፍ የወጣው ቃል ከየትኛውም የምክር ወረቀት የበለጠ ሠራ።

ጸበሉ ላይ አሥር ቀን ቆየ። አረቄ በሌለበት፣ በጊዜ በሚተኛበት፣ አብረውት የሚጸልዩ ሰዎች ባሉበት ቦታ አሥር ቀን ማሳለፉ በከተማው ውስጥ ያለ ምንም ማገገሚያ ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል። አደጋው መድኃኒት ማስጣልና ሰውን በሰንሰለት ማሰር ባለበት ቦታ ነው፤ እህትየዋ ሁለቱንም እንደማትቀበል አስቀድማ ተናግራ ነው የሄደችው።

ቤት ከገባ በኋላ

አልጋ ላይ ያለው ሳምንት ቀላሉ ክፍል ነው። አሳ ገፋፊ ገንዘቡን የሚቀበለው በየቀኑ፣ ማታ ነው፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአረቄ ቤቶቹ በር ላይ ያልፋል። ነርሷ ስለ ፈቃደ ኃይል አላወራችም፤ ስለ ክፍያው አወራች። አሠሪው ለእህቱ በቴሌብር በየሳምንቱ እንዲልክ ተስማማ፤ ለሰውየው በእጁ የሚሰጠው የምሳና የመጓጓዣ ብቻ ሆነ። ጠዋት እጁ ስለማይንቀጠቀጥ ሥራው ፈጠነ፤ ጾሙ የአሳ ገበያ የሚደራበት ወቅት ስለሆነም ካሳውን በጊዜ ጨረሰ።

ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉት፣ የመጠጥ ጉጉትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ለዚህ ሰው ግን አልተገኙም። የቀረው የሁለት ሳምንት ቀጠሮና ስልክ ነው። ሳጅኗ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ትደውል ነበር። የምትጠይቀውም ጠጣ አልጠጣ ሳይሆን ቀጠሮው መቼ እንደሆነና እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ፋሲካ መጣ። ጾም ሲፈታ አሳ የሚገዛው ሰው ይቀንሳል፤ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ በየቤቱ ጠላና አረቄ ይቀዳል። በበዓሉ ማግስት ጠጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ራሱ ወደ ነርሷ ደወለ። ሦስት ቀን ስለሆነ መቋረጡ ቀላል ነበር፤ በተመላላሽ ታከመ። ፖሊስ ጣቢያ የዋሱን ወረቀት አላወጣም፤ መዝገቡን አልቀሰቀሰም። በዋሱ ላይ የመሐላ ቃል ያልተጻፈበት ጥቅም እዚህ ታየ፦ ባይፈራ ነው የደወለው።

በዚህ ነጥብ ላይ የሌላ አገር ልምድ ያግዛል። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ፣ ቤልታውን በተባለ ሠፈር፣ ከጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊሶች በአደንዛዥ ዕፅና በወሲብ ንግድ ደንብ መተላለፍ የተያዙ ሰዎችን ክስ ከመመሥረት ይልቅ ለጉዳይ ተከታታይ ባለሙያ ማስረከብ ጀመሩ። ባለሙያው ሰውየው ወዲያውኑ ሱሱን እንዲተው ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም፤ ከመኝታ፣ ከምግብ፣ ከመታወቂያና ከሕክምና ይጀምራል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ግምገማ ተሳታፊዎቹ ከዚያ በኋላ የመታሰር ዕድላቸው በተለመደው መንገድ ከሄዱት ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ መንሸራተት በቅጣት ሲመለስ ሰው ከሕክምና እንደሚሸሽ፣ በቀጠሮ ሲመለስ ግን እንደሚቆይ ማየቱ ነው። ሲያትል ግን ጉዳይ ተከታታዮቹ ለዚሁ ሥራ የተቀጠሩ ናቸው። እዚህ ያንን ሥራ የሠራችው ሳጅን በራሷ የስልክ ካርድ ነበር።

አሠራሩ የተጎዳው ደግሞ በዚሁ በኩል ነው። በአራተኛው ወር ሳጅኗ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረች። የነርሷ ስልክ፣ የእህቱ ስልክ፣ የቀጠሮ ቀኖቹ ሁሉ ከእሷ ጋር ሄዱ። በእሷ ቦታ የመጣው መኮንን ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ሰውየው በስድስተኛው ወር በመንገድ ላይ ሲጮህ ሲገኝ ሌሊቱን በማረፊያ ቤት አደረ፤ አራቱን ጥያቄዎች የጠየቀው አልነበረም። ጠዋት እህቱ ደረሰችና ነርሷ ተጠራች። ያን ሌሊት የጠጣው ጠላ ብቻ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ በኋላ ጣቢያው የጤና መረጃውን በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ በተለየ ዓምድ መጻፍ ጀመረ፤ የነርሷ ስልክም በተረኛው ጠረጴዛ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሰው ሲዛወር የማይጠፋ አሠራር እንዲኖር ይህ ከመጀመሪያው ቀን መደረግ ነበረበት።

ይህ መንገድ የማይደርስባቸው

በዚህ ጉዳይ ሁሉ ነገር የተቻለው ድርጊቱ በአቤቱታ የሚያስከስስና ቀላል ስለሆነ ነው። ያው ሰው፣ ያው ሱስ፣ በኪሱ ሐሺሽ ተገኝቶበት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ መሸጥንና መጠቀምን በአንድ አንቀጽ ሥር ይዟል፤ የተረኛ ሳጅን ፊርማ ያንን በር አይከፍትም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ደግሞ መተዳደሪያ የሌለውን ሱሰኛ የሚነካ ሲሆን ዋስትናንም ይከለክላል። ሥራ ያለው አሳ ገፋፊ ከዚህ አመለጠ፤ ሥራ ያጣ፣ እህት የሌለው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር ወጣት አያመልጥም። ሕክምና የበለጠ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

ዋስ የሌለውን በተመለከተ ቁጥር 28 «ያለ ዋስ» መልቀቅን ስለሚፈቅድ በቀላል ጉዳዮች ለጣቢያው የሚቸግረው ሕጉ ሳይሆን አስታማሚ ማጣቱ ነው። የሠፈር ዕድር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በፈረቃ አጠገቡ ቢሆኑ ሆስፒታሉ ይቀበላል። በአንቀጽ 525 ለተያዘ ተጠቃሚ ግን ከዐቃቤ ሕግ የሚመጣ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ከመደበኛ ክስ ውጭ ያሉ አማራጮችን ተቀብሏል፤ ፖሊሲው ግን በጣቢያ ደረጃ የሚያዝ የሥራ መመሪያ አይደለም። ለባሕር ዳር የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ የማይሞላ የጋራ መመሪያ ነው፦ ለራሱ መጠቀሚያ በትንሽ መጠን የተያዘን ሰው ማን እንደሚለይ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ለየትኛው የጤና ባለሙያ እንደሚተላለፍ፣ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ፣ ሰውየው ሲንሸራተት ምን እንደሚደረግ፣ የሕክምና መረጃውም በክስ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ። የመጨረሻው ነጥብ ካልተጻፈ ማንም ታሳሪ «መጨረሻ የወሰድከው መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እውነቱን አይመልስም፤ ተረኛውም ሌሊቱን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያድራል።